ካናዳና አሜሪካ፦ ላይ ላዩን አንድ፣ ከሥር ግን የተለያዩ

ቀስተ ደመና (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ካናዳውያንና አሜሪካውያን በአነጋገርም፣ በአለባበስም፣ በሚያዩት ቴሌቪዥን ሳይቀር አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ካናዳውያን ትሑት ናቸው፣ ሕክምና ነፃ ነው፣ አገሩ ይበርዳል»። ይህ ነገሩን አያስረዳም።

የምጠይቀው ጉዳዩን በደንብ የምታውቁትን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመራው አገርና ፕሬዚዳንት የሚመራው አገር በተግባር የሚለያዩት መቼ ነው? «ሊበራል»፣ «ቀይ»፣ «ሰማያዊ» የሚባሉት ቃላት ለምን ይምታታሉ? በሥራ፣ በሕክምናና በድንበር ላይስ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ምን ላይ ይሳሳታል? ዓመተ ምሕረት ስትጠቅሱ ሁላችሁም በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉልን።

አድማስ 7፦

ሌላው ሁሉ የሚቀዳው ከመንግሥት አወቃቀሩ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ልዩነቱ ፍንትው ብሎ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። እስቲ አንድ ጥያቄ እንያዝ፤ በጀት ባይጸድቅ ምን ይከተላል?

ካናዳ ውስጥ በጀት የመተማመኛ ድምፅ ነው። እሱ ከወደቀ መንግሥቱም አብሮ ይወድቃል። በዲሴምበር 1979 የጆ ክላርክ በጀት 139 ለ133 ተሸነፈ። ክላርክ ሥልጣን ከያዘ ሰባት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በፌብሩዋሪ 1980 ሕዝቡ ለምርጫ ተጠራ፣ ክላርክም ወረደ። በኖቬምበር 2005 የፖል ማርቲን መንግሥት 171 ለ133 በሆነ ድምፅ ፈረሰ። በማርች 2011 ደግሞ የስቲቨን ሃርፐር መንግሥት ፓርላማውን ንቋል ተብሎ ወደቀ፤ ሃርፐር ግን በምርጫው አብላጫ ወንበር ይዞ ተመለሰ። ፍጥጫው ሲከር ዳኛው መራጩ ነው ማለት ነው። ፓርላማው ተበትኖ ባለበት ጊዜም መንግሥት የሚከፍለው አያጣም፤ አስቸኳይ ወጪ የንጉሡ ወኪል በሆነው በጠቅላይ ገዥው ልዩ ማዘዣ ይወጣል።

አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንቱም ኮንግረሱም የየራሳቸው የሥራ ዘመን አላቸው። ቢጣሉ አንዱ ሌላውን በትኖ ወደ ምርጫ ሊወስደው አይችልም። ስለዚህ በጀቱ ሳይጸድቅ ቀኑ ካለፈ የሚዘጋው መሥሪያ ቤቱ ነው። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ 35 ቀን፣ በ2025 ደግሞ 43 ቀን ተዘግቷል። የአየር ማረፊያ ፈታሾች ደመወዝ ሳያገኙ ሥራ ገብተዋል። ካናዳዊው ይህን ሲያይ «ለምን ምርጫ አይጠሩም?» ይላል። አሜሪካዊው ደግሞ የካናዳን ሲያይ «ጠቅላይ ሚኒስትራችሁን ማን መረጠው?» ብሎ ይጠይቃል።

የመረጠው ምክር ቤቱ ነው። የካናዳ መራጭ በድምፅ መስጫው ላይ የሚያገኘው የአካባቢውን ዕጩዎች ብቻ ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም የሚታየው እሱ በሚወዳደርበት አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ነው። ከ343ቱ ወንበሮች 172 የያዘ ፓርቲ ያለ ማንም ድጋፍ ይገዛል። በ2025 የሆነውን ተመልከቱ። ጀስቲን ትሩዶ በጃንዋሪ እንደሚለቅ አስታወቀ፣ ማርክ ካርኒ በማርች 9 የፓርቲው መሪ ሆኖ ተመረጠ፣ በማርች 14 ቃለ መሐላ ፈጸመ። ያን ቀን ካርኒ የፓርላማ ወንበር አልነበረውም። በአፕሪል 28ቱ ምርጫ የተቃዋሚው መሪ ፒየር ፖሊየቭ በራሱ የምርጫ ክልል ተሸነፈ፤ በኦገስት በአልበርታ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ነው ወደ ምክር ቤቱ የተመለሰው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «ፕሬዚዳንት ከጠቅላይ ሚኒስትር የበለጠ ሥልጣን አለው» ሲሉ ነው። በዓለም መድረክ ላይ አዎ። በአገሩ ሕግ ማውጣት ላይ ግን አብላጫ ወንበር የያዘ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የማያገኘው ጉልበት አለው። የፓርቲው አባላት በቁልፍ ጉዳይ ከእሱ ተለይተው ድምፅ አይሰጡም። 105ቱ ሴናተሮች እስከ 75 ዓመታቸው ድረስ የሚሾሙት በእሱ አቅራቢነት ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዘጠኝ ዳኞችም የሚያስሾመው እሱ ሲሆን የሴኔት ይሁንታ አያስፈልገውም። እነሱም በ75 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ፤ የአሜሪካዎቹ ዘጠኝ ግን የዕድሜ ልክ ናቸው። በአሜሪካ ያለውን ለማየት ጁላይ 28 ቀን 2017ን ማስታወስ ይበቃል። ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም ምክር ቤትና ፕሬዚዳንቱን ይዘው ሳለ፣ የራሳቸው ሴናተር ጆን ማኬይን አውራ ጣቱን ወደ ታች አድርጎ በኦባማ ዘመን የወጣውን የጤና መድን ሕግ መሻር 49 ለ51 ጣለው። ካናዳ ውስጥ ይህን ያደረገ አባል በማግስቱ ከፓርቲው ቡድን ውጭ ራሱን ሊያገኝ ይችላል።

የሰሜን ነፋስ፦

አድማስ አወቃቀሩን ስላስቀመጠው እኔ ወደ ቃላቱ ልሂድ፤ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀለሙ። ካናዳ ውስጥ ቀይ ሊበራል ነው፣ ሰማያዊ ወግ አጥባቂው ኮንሰርቫቲቭ፣ ብርቱካናማ ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ። አሜሪካ ውስጥ ቀይ ሪፐብሊካን፣ ሰማያዊ ዴሞክራት ነው፤ ያውም ይህ የጸናው ከ2000ው ምርጫ የቴሌቪዥን ካርታዎች በኋላ ነው። ከሚኒሶታ ወደ ማኒቶባ የተሻገረ ሰው የምርጫ ሌሊት ካርታ ሲያይ ሁሉም ተገልብጦ ነው የሚታየው።

ቀጥሎ «ሊበራል» የሚለው ቃል። አሜሪካ ውስጥ ይህ የአንድ ሰው አቋም መለያ ነው፤ ተቃዋሚው እንደ ስድብም ይጠቀምበታል። ካናዳ ውስጥ ግን የፓርቲ ስም ነው፤ ያ ፓርቲ ደግሞ እንደ ጊዜው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፌዴራሉን የበጀት ጉድለት ለመዝጋት ወጪ በብርቱ የቆረጠው ሊበራል መንግሥት ነበር። ስለዚህ «እሱ ሊበራል ነው» የሚለውን ከመተርጎማችሁ በፊት የተነገረው በየትኛው አገር እንደሆነ አጣሩ።

ምርጫውም ራሱ ሌላ ነገር ነው። በካናዳ የፌዴራል ምርጫ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይሰጥሃል፤ በላይዋ የጥቂት ዕጩዎች ስም፣ ከጎናቸው ክብ። በእርሳስ አንድ ምልክት አድርገህ አጥፈህ ትመልሳለህ። ቆጠራው በእጅ ነው፣ የፓርቲ ታዛቢዎች ቆመው እያዩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያካሂደው አንድ ገለልተኛ መሥሪያ ቤት ነው። የአሜሪካ መራጭ በአንድ ቀን ፕሬዚዳንት፣ ሴናተር፣ የግዛት ተወካይ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የፖሊስ ሹም፣ በብዙ ግዛቶች ዳኛ ሳይቀር ይመርጣል። አሠራሩን የሚወስነው ግዛቱ ሲሆን በተግባር የሚያስፈጽመው አውራጃው ነው። መታወቂያ ማሳየት፣ በፖስታ መላክ፣ ቀድሞ መመዝገብ፣ ሁሉም እንደ ግዛቱ ነው። ወረቀቱ እየረዘመ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ከላይ ያሉትን መርጦ የታችኞቹን ባዶ ይተዋል። የምርጫ ክልል ድንበርንም በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚያሰምሩት ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ናቸው። ካናዳ ከ1964 ጀምሮ ለገለልተኛ ኮሚሽኖች ሰጥታዋለች።

ከካናዳ ምርጫ ወጪ ጋር የሚሄደው ቁልፍ ነገር የምርጫ ዘመቻው ጊዜ አጭር መሆኑ ነው፤ በሕግ ከ37 ቀን አያንስም፣ ከ51 አይበልጥም። ኩባንያና ማኅበር ለፌዴራል ፓርቲ መስጠት አይችልም። ግለሰብ በ2025 ለአንድ ፓርቲ በዓመት ከ1,750 ዶላር በላይ መስጠት አይፈቀድለትም ነበር፤ ጣሪያው በየዓመቱ በ25 ዶላር ከፍ ይላል። አሜሪካ ውስጥም ለዕጩው በቀጥታ የሚሰጠው ጣሪያ አለው፤ ነገር ግን ከ2010 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ኩባንያም ባለሀብትም ከዕጩው ጋር ሳይመካከር በራሱ ስም የፈለገውን ያህል ማውጣት ይችላል። የአሜሪካ የምርጫ ማስታወቂያ ጎርፍ የሚሆነው በዚህ በር ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ላክል፤ ማኅበረሰባችን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት በሁለቱም አገሮች የዜጋ ብቻ ነው። ካናዳ ውስጥ ግን ቋሚ ነዋሪ የፓርቲ አባል ሆኖ መሪውንና የአካባቢውን ዕጩ በመምረጥ መሳተፍ ይችላል፤ ሊበራሎቹም ኮንሰርቫቲቮቹም ከ14 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ። በአንድ የምርጫ ክልል የዕጩ ምርጫ የሚወሰነው በጥቂት መቶ ወይም በጥቂት ሺህ ሰው ነው። ስለዚህ የተደራጀ ማኅበረሰብ ድምፁ የሚሰማው እዚያ ነው። ጥንቃቄው የአባልነት ምዝገባው ከምርጫው ሳምንታት ቀድሞ መዘጋቱ ነው፤ በዕለቱ መጥቶ ልመዝገብ ማለት አይሠራም።

የድምፅና የወንበር አለመመጣጠን ደግሞ የሁለቱም ችግር ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጣ፣ ፕሬዚዳንቱን በሚመርጡት የግዛቶች ወኪሎች (በኤሌክቶራል ኮሌጅ) 304 ለ227 ተሸነፈች። በ2019 ደግሞ የካናዳ ኮንሰርቫቲቮች 34.3 ከመቶ፣ ሊበራሎች 33.1 ከመቶ ድምፅ አግኝተው ወንበሩ 121 ለ157 ሆነ።

ፍትሕ ወዳድ፦

ሁለታችሁም የጻፋችሁት ትክክል ነው፤ ግን ካናዳን አንድ ወጥ አስመሰላችኋት። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ያለው እሱ ላይ ነው፤ አሜሪካ የአንድነቷን ጥያቄ በጦርነት ዘግታዋለች፣ ካናዳ ግን ክፍት አድርጋ ነው የምትኖረው።

በ1995 ኩቤክ ለመገንጠል ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች። «አይሆንም» ያለው 50.58 ከመቶ ነበር። አገሪቱ ልትከፈል ከአንድ ከመቶ ያነሰ ነበር የቀራት። በ1998 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው አስተያየት አንድ ክፍለ ግዛት በራሱ ብቻ ውሳኔ መውጣት አይችልም፤ ግልጽ ለሆነ ጥያቄ ግልጽ አብላጫ «አዎ» ካለ ግን የቀሩት የመደራደር ግዴታ አለባቸው አለ። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት፣ በ1869፣ በቴክሳስ ጉዳይ ኅብረቱ የማይፈርስ ነው ብሎ ነበር የወሰነው። እነዚህን ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የሁለቱን አገሮች ጠባይ ይረዳል።

ሥሩ ሩቅ ነው። የአሜሪካ አብዮት ሲያበቃ፣ በ1783 ገደማ፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ የነበሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ካናዳ በ1867 ስትመሠረት ከደቡብ ያለው አገር ከእርስ በርስ ጦርነት ገና መውጣቱ ነበር፤ መሥራቾቹ ያንን እያዩ ነው የጻፉት። አሜሪካ በ1776 ያወጀችው «ሕይወት፣ ነፃነትና ደስታን መሻት» ነው። የካናዳው ሰነድ ለፓርላማው የሰጠው «ሰላም፣ ሥርዓትና መልካም አስተዳደር» የማስፈን ሥልጣን ነው። አንዱ መንግሥትን የሚያጥር፣ ሌላው መንግሥትን ሥራ ላይ የሚያሰማራ ቃል ነው።

የሚገርመው ግን፣ ጠንካራ ማዕከል እንዲኖራት የታቀደችው ካናዳ ዛሬ በብዙ ነገር ከአሜሪካ ይልቅ ያልተማከለች ናት። የፌዴራል የትምህርት ሚኒስቴር የላትም። የነዳጅና የማዕድን ሀብት በአብዛኛው የክፍለ ግዛቱ ነው፤ አልበርታ ከኦታዋ (ከፌዴራሉ መንግሥት) ጋር የምትጣላበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከመሬት በታች ያለው ብዙ ጊዜ የባለ ርስቱ ሊሆን ይችላል። በክፍለ ግዛቶች መካከል ንግድ እንኳ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም። አንድ የኒው ብሩንስዊክ ጡረተኛ ከኩቤክ 14 ካርቶን ቢራና ሦስት ጠርሙስ አረቄ ገዝቶ ሲመለስ ተይዞ 292 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተቀጣ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ተሸነፈ። በተቃራኒው የወንጀል ሕግ በካናዳ አንድ ነው፤ ከቫንኩቨር እስከ ሃሊፋክስ ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አለው። የሞት ቅጣት በአንዱ ግዛት ኖሮ በጎረቤቱ የማይኖረው ለዚህ ነው። ካናዳ በ1976 አስቀርታዋለች።

መብትም በሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። የካናዳ የመብቶች ቻርተር በ1982 ሲጻፍ የመጀመሪያው አንቀጽ መብቶቹ በሕግና በምክንያታዊ ገደብ ሊገደቡ እንደሚችሉ ይናገራል። አንቀጽ 33 ደግሞ ሕግ አውጪው ከመብቶቹ አንዳንዶቹን ለአምስት ዓመት ወደ ጎን አድርጎ ሕግ እንዲያወጣ ይፈቅድለታል፤ ሲያበቃም ማደስ ይችላል። ኩቤክ በ2019 መምህራን፣ ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ በሥራ ላይ ሃይማኖታዊ ምልክት እንዳያደርጉ ስትከለክል የተጠቀመችው በዚሁ ነው። ነጠላ ተከናንባ ወይም ሒጃብ አድርጋ ማስተማር የምትፈልግ ሴት ቶሮንቶና ሞንትሪያል አንድ አገር ናቸው ብላ እንዳትነሳ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ የሃይማኖትና የንግግር ነፃነትን በሚጠብቀው በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ፊት መቆም ይከብደዋል። በንግግር ነፃነትም እንዲሁ ነው። በማንነቱ በሚለይ ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን መቀስቀስ በካናዳ ወንጀል ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 4 ለ3 አጽንቶታል። አሜሪካ ውስጥ ንግግሩ ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ድርጊት የሚያስነሳ ካልሆነ በቀር፣ የቱንም ያህል ቢያስጠላ፣ ከሞላ ጎደል የተጠበቀ ነው። ሚኒሶታ ተቀምጦ የሚጽፍና ካልጋሪ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ያው አንድ ገጽ ላይ ቢጽፉም በአንድ ሕግ ሥር አይደሉም።

«ካናዳ ዘረኝነት የለም» የሚለውን ደግሞ አትቀበሉ። ቫዮላ ዴዝመንድ በ1946 በኖቫ ስኮሺያ ኒው ግላስጎው በሲኒማ ቤት ለነጮች በተለየው ወንበር በመቀመጧ ታስራለች፤ የዛሬው የ10 ዶላር ኖት ላይ ያለችው እሷ ናት። በሃሊፋክስ አፍሪክቪል የሚባለው የጥቁሮች መንደር በ1960ዎቹ በከተማው ተደርምሷል። የነባሮቹን ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ነጥለው የወሰዱት አዳሪ ትምህርት ቤቶች እስከ 1990ዎቹ ድረስ ነበሩ። ልዩነቱ አገሪቱ ስለ ራሷ በምታወራው ላይ ነው። ካናዳ ከ1971 ጀምሮ ብዝኀ ባህልን የመንግሥት ፖሊሲ አድርጋ በቻርተሩም ጽፋዋለች፤ አሜሪካ ሁሉም ገብቶ አንድ የሚሆንበት አገር ነኝ ትላለች።

ቀስተ ደመና (ጠያቂ)፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ በተለይ የሁለቱ ፍርድ ቤቶች ንጽጽር ዓይን ገላጭ ነው። የዕለት ተዕለቱ ነገር ይቀረናል፤ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ሥራ፣ ድንበር። ደግሞ በ2025 ካናዳውያን በአሜሪካ ላይ ያን ያህል የተቆጡት የታሪፉ ነገር ብቻ ነው? ሌላም አለ፤ አሜሪካ ተወልዶ ካናዳ ያደገ ልጅ ግብር ይመለከተዋል ሲባል ይሰማል።

ማለዳ ጎህ፦

ሕክምናውን ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ስህተቱ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው እሱ ነው።

የካናዳው ሕክምና የተጀመረው በአንድ ክፍለ ግዛት ነው። ሳስካችዋን በቀድሞ መሪዋ በቶሚ ዳግላስ ፓርቲ ዘመን፣ በጁላይ 1962፣ የሕዝብ የሕክምና መድን ስትጀምር ሐኪሞቹ 23 ቀን ሥራ አቆሙ። መድኑ ግን ጸና፤ ቀስ በቀስም ለአገሩ ሁሉ ሆነ። ዛሬም ቢሆን «የካናዳ» የሚባል አንድ መድን የለም፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ካርድ አለው። የ1984ቱ የፌዴራል ሕግ ለሐኪምና ለሆስፒታል ሕክምና ከበሽተኛው ገንዘብ እንዳይጠየቅ ያስገድዳል። ሰው የሚሳሳተው «ሁሉም ነፃ ነው» ብሎ ሲያስብ ነው። ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ የጥርስና የዓይን ሕክምና በአብዛኛው በዚያ ውስጥ የሉም። ለዚህ የመሥሪያ ቤት መድን ወይም እንደ ክፍለ ግዛቱ ልዩ ፕሮግራም ይፈለጋል። የፌዴራሉ የጥርስ ፕሮግራም የቤተሰብ ገቢያቸው ከ90,000 ዶላር በታች ለሆነና ሌላ የጥርስ መድን ለሌላቸው ነው፤ እሱንም ለማግኘት የግብር ማስታወቂያ ማስገባት ግድ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ካርድ ያለው ሰው እንኳ አስፈላጊ ሆኖ ለተጠራ አምቡላንስ 45 ዶላር ይከፍላል።

ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አዲስ ገቢውን የደረሰበትን ወር ቀሪ ቀኖችና ተጨማሪ ሁለት ወር ታስጠብቃለች። ኦንታሪዮ ከ2020 ወዲህ አታስጠብቅም። ስለዚህ ወደ ቫንኩቨር የሚሄድ ለዚያ ጊዜ የግል መድን ይግዛ፤ ያውም ከመድረሱ በፊት፣ ምክንያቱም አንዳንዱ መድን ዘግይቶ ለተገዛ ውል የራሱን የመጠበቂያ ቀኖች ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው ገንዘቡ ሳይሆን ጊዜው ነው። የቤተሰብ ሐኪም ለማግኘት ስምን በክፍለ ግዛቱ መዝገብ ቶሎ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ወደ ስፔሻሊስት የሚልክ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

አሜሪካ ውስጥ ጥያቄው ሌላ ነው፤ «መድን አለህ?» ሳይሆን «ምን ዓይነት መድን?» ነው። ወርኃዊ ክፍያው አንድ ነገር ነው፤ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው ሌላ ነው፤ ሐኪሙ በመድኑ መረብ ውስጥ መሆን አለመሆኑ ሦስተኛ ነው። ወርኃዊ ክፍያው ዝቅ ያለውን ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው አንድ ጊዜ ሆስፒታል ሲገባ ብዙ ሺህ ዶላር ሊመጣበት ይችላል። ከ1986 ጀምሮ ድንገተኛ ክፍል የሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው መክፈል አትችልም ብሎ መመለስ አይችልም፤ ሂሳቡ ግን በኋላ ይመጣል። ከ2022 ጀምሮ በድንገተኛ ሕክምና ከመረብ ውጭ የሆነ ሐኪም ያልታሰበ ሂሳብ እንዳይልክ ተከልክሏል፤ የመንገድ አምቡላንስ ግን በዚህ የፌዴራል ሕግ አልተካተተም። ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጅ መድን ውስጥ መቆየት ይችላሉ፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም።

ወሊድ ላይ ልዩነቱ ከሁሉም የሰፋ ነው። ካናዳ ውስጥ 600 የተመዘገበ የሥራ ሰዓት ያላት እናት የ15 ሳምንት የወሊድ ክፍያ፣ ከዚያ ወላጆቹ የሚካፈሉት 40 ሳምንት (አንዱ ከ35 በላይ አይወስድም) ታገኛለች። ክፍያው የደመወዙ 55 ከመቶ ሲሆን የ2025 ጣሪያው በሳምንት 695 ዶላር ነበር። እስከ 69 ሳምንት ማስረዘም ይቻላል፣ ክፍያው ግን ወደ 33 ከመቶ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ክፍያ ከገባ በኋላ ምርጫውን መለወጥ ስለማይቻል አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። ኩቤክ የራሷ የተሻለ ፕሮግራም አላት። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ፣ የ1993ቱ፣ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ እሱም አሠሪው 50 ሠራተኛ ካለው፣ ሠራተኛዋ አንድ ዓመት ከቆየችና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት ከሠራች። እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ ግዛቶች የራሳቸው ክፍያ ያለው ፈቃድ አላቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የግዛቱ ሕግ ነው።

ሥራ ላይ፣ ከሞንታና በቀር በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል፤ አድልዎ ብቻ አይሁን እንጂ። በካናዳ ማስጠንቀቂያ ወይም የእሱ ምትክ ክፍያ ግድ ነው። በኦንታሪዮ ዝቅተኛው ከሦስት ወር በላይ ግን ከአንድ ዓመት በታች ላገለገለ አንድ ሳምንት ሆኖ እስከ ስምንት ይደርሳል፤ ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ሊወስን ስለሚችል ሲሰናበቱ የሚሰጠውን ወረቀት በዚያው ሰዓት መፈረም አያስፈልግም። የምግብ ቤት ጉርሻ በሁለቱም ከ15 እስከ 20 ከመቶ ይጠበቃል፤ ምክንያቱ ግን ይለያል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጉርሻ የሚያገኝ ሠራተኛ መነሻ ደመወዙ በሰዓት 2.13 ዶላር ሊሆን ይችላል፤ ኦንታሪዮ ግን ከ2022 ጀምሮ ለአስተናጋጅም ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ታስከፍላለች።

ስለ ትሕትናውም አንድ ነገር። ካናዳውያን «ይቅርታ» ማብዛታቸው በሕግ ሳይቀር ገብቷል። በኦንታሪዮ በ2009 የወጣው ሕግ ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን እንደማመን ተቆጥሮ በፍትሐ ብሔር ክስ ማስረጃ እንዳይሆን ይከለክላል። ለካናዳዊ «ሶሪ» ብዙ ጊዜ «አየሁህ፣ እለፍ» ማለት ነው፤ ስህተቱን አምኗል ብላችሁ አትያዙት።

ድንበር ላይ አሜሪካዊ ወደ ካናዳ ሲገባ ሊያስይዘው የሚችለው አንድ ነገር በመኪናው ውስጥ የረሳው ሽጉጥ ነው። ካናዳ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የሽጉጥ ሽያጭንና ዝውውርን አግዳለች። ለአደን የሚሆን ጠመንጃ በ25 ዶላር ማሳወቂያ ለ60 ቀን ማስገባት ይቻላል። ሰው ላይ የሚረጭ የበርበሬ መርጫ ክልክል ነው፤ የድብ መርጫ ይፈቀዳል። ጠጥቶ መንዳት ካናዳ ውስጥ ከዲሴምበር 2018 ወዲህ ከባድ ወንጀል ተብሎ ስለሚታይ፣ አሜሪካ ውስጥ እንደ ቀላል ጥፋት የታለፈ የቆየ ፍርድም ከድንበር ሊያስመልስ ይችላል። ካናቢስ በካናዳ ከኦክቶበር 17 ቀን 2018 ጀምሮ ሕጋዊ ነው፤ በማንኛውም አቅጣጫ ይዞ መሻገር ግን በሁለቱም ወገን ወንጀል ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለአሜሪካ መኮንን «ተጠቅሜያለሁ» ቢል መግቢያ ሊከለከል ይችላል። ከተሻገራችሁ በኋላ ደግሞ የፍጥነት ምልክቱን ልብ በሉ፤ ካናዳ ውስጥ 100 ማለት በኪሎ ሜትር ነው፣ 62 ማይል ገደማ።

አድማስ 7፦

የ2025ቱን ቁጣ በአጭሩ ልመልስ። ታሪፉ ብቻ አልነበረም፤ ዶናልድ ትራምፕ ካናዳን «51ኛዋ ግዛት»፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን «ገዥ» እያለ መጥራቱ ነው የከነከናቸው። ካናዳዊ ማለት ከምንም በፊት «አሜሪካዊ ያልሆነ» ማለት ነው ብለው ላደጉ ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። በሆኪ ጨዋታ ላይ የአሜሪካ መዝሙር ተጮኸበት። ኦንታሪዮ በማርች የአሜሪካ መጠጦችን ከመንግሥት መደብሮች መደርደሪያ አነሳች። «ክርን ወደ ላይ» የሚለው የሆኪ አነጋገር፣ ማለትም ራስህን እየተከላከልክ ግፋ የሚለው፣ የአገር መፈክር ሆነ። ለካናዳዊ የሥራ ባልደረባ ስለዚህ ነገር እንደ ጨዋታ አታንሱበት።

የግብሩ ጥያቄ የሚከተለው ነው። ካናዳ ግብር የምትጠይቀው በነዋሪነት ነው፤ አሜሪካ ግን በዜግነትም ትጠይቃለች። አሜሪካ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ ካናዳ የመጣ ልጅ ሲያድግ፣ ገቢው ከመነሻው ካለፈ፣ በየዓመቱ ለሁለቱም ማሳወቅ አለበት። የካናዳው ቀን አፕሪል 30 ነው፤ የአሜሪካው አፕሪል 15 ሆኖ ውጭ ለሚኖር እስከ ጁን 15 ይራዘማል። በካናዳ የከፈለው ስለሚታሰብለት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የሚከፍለው አይኖርም፤ ቅጣቱ የሚመጣው ባለማሳወቅ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሂሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር ካለፉ ለብቻው የሚሞላ የሂሳብ ማሳወቂያ አለ። በካናዳ ከግብር ነፃ የሆነው የቁጠባ ሂሳብ በአሜሪካ ዓይን ነፃ አይደለም፤ የጡረታ ቁጠባው ግን በሁለቱ አገሮች ስምምነት የተጠበቀ ነው። ሳያውቅ ዓመታት ያሳለፈ ሰው የ3 ዓመት ግብርና የ6 ዓመት የሂሳብ ማሳወቂያ አስገብቶ የሚስተካከልበት ቀለል ያለ መንገድ አለ፤ ሆን ብሎ አለመደበቁን በፊርማው ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ይህንን ሁለቱንም ሕግ በሚያውቅ የሂሳብ ባለሙያ ማሠራት ይሻላል። ሂሳብ ሲከፈት ባንኩ «የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቅም እውነቱን መመለስ ያስፈልጋል፤ ከ2014ቱ ስምምነት ወዲህ ባንኩ መረጃውን ለካናዳ ግብር መሥሪያ ቤት፣ እሱም ለአሜሪካው ያስተላልፋል።